ካሜራው ስንት ቀን ይሰጠናል?



ፊልም መሥራት የሚፈልግ ወጣት ሲያገኘኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ብዙዎች ለዓመታት ያጠራቀሙትን፣ አንዳንዶችም ከወላጅ የተቀበሉትን ገንዘብ ይዘው ነው የሚጠይቁት። ይሁንና ታሪኩ የት እንደሚቀረጽ፣ በቀን ይሁን በሌሊት፣ በስንት ሰው እንደሚሠራ ሳላውቅ የካሜራ ስም ብጠራለት ያ ገንዘብ ይባክናል። ስለዚህ ዛሬ ጥያቄውን እንድንለውጠው እለምናችኋለሁ። በእጃችን ያለው ገንዘብ ስንት የቀረጻ ቀን ይገዛልናል? ካሜራውም፣ ሌንሱም፣ ማይኩም በዚህ ይመዘኑ።

ለምን በቀን እንደምመዝነው ላስረዳ። ትልቅ የሲኒማ ካሜራ ከነሌንሱ የሚከራየው በቀን ነው። ዝናብ ቢዘንብ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ዋናዋ ተዋናይት ብትታመም ኪራዩ አይቆምም። እንዲህ ባለው ካሜራ የሚሠራ ደሃ ፕሮዲውሰር ገና ከጠዋቱ ይቸኩላል። «ይበቃል፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ» ይላል፤ ያልበቃውም ትዕይንት ሳይበቃ ይታለፋል። ብዙ ፊልሞቻችን ላይ ውይይቱ ጥሩ ተጽፎ ሳለ ተዋንያኑ ቃሉን ገና ሳያዋህዱት የተቀረጸ የሚመስለው ከዚህ የተነሳ ነው። የራሳችሁ የሆነ መጠነኛ ካሜራ ግን ነገም አለ፤ ከነገ ወዲያም አለ።

በገንዘቡም በኩል ጊዜው ከብዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ሱቅ ዋጋውን አንድ ሳንቲም ባይጨምርም በባንክ ተመን ካሜራው እኛ ዘንድ እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ዘመን የተሳሳተ ዕቃ መግዛት የአንድ ዓመት ድካም ያስከፍላል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዕቃ ዘርዘር አድርጌ ብናገር ታገሱኝ።

የርካሽ ካሜራ ታሪክ በአገራችን ፊልም ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው» በ35 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ሴሉሎይድ የተሠራ ነበር። በዚያ መንገድ መሥራት የሚችለው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተሠሩት ረጅም ልቦለድ ፊልሞች ጥቂት ናቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን እንደ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ በቪዲዮ የተቀረጹ ፊልሞች ሲኒማ ቤት ገቡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በየዓመቱ በደርዘን የሚቆጠሩ የአማርኛ ፊልሞች ይታዩ ጀመር። ምስሉ ከሴሉሎይዱ ያንስ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ተሰልፎ ትኬት ቆረጠ። ዛሬ እዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው ሁላችን የዚያ የቪዲዮ ካሜራ ልጆች ነን ማለት እችላለሁ።

ርካሽ ካሜራ ጊዜን እንዴት እንደሚገዛ ከውጭ ፊልሞችም ላሳያችሁ። ዳኒ ቦይል በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው «28 ዴይስ ሌተር» አብዛኛው ክፍሉ የተቀረጸው ካነን ኤክስኤል1 በሚባል የሚኒ ዲቪ ካሜራ ነው። ባዶዋን ለንደን ለማሳየት መንገድ የሚቆምላቸው ማለዳ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ከባድ የፊልም ካሜራ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ተተክሎ አያልቅም፤ ትናንሾቹን ካሜራዎች ግን በብዙ ማዕዘን በአንድ ጊዜ ማቆም ተቻለ። ክሪስቶፈር ኖላን በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ፎሎዊንግ» በጥቂት ሺህ ፓውንድ በ16 ሚሊ ሜትር ሲሠራ ተዋንያኑም ሠራተኞቹም በሳምንቱ ቀናት መደበኛ ሥራ ነበራቸው። ቀረጻው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እየተካሄደ አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ። ገንዘቡን የሚበላው ጥሬ ፊልሙ ስለነበር ትዕይንቱን እንደ ቲያትር ደጋግመው ተለማምደው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይቀርጹ ነበር። ልብ በሉ፤ ልምምዱ ነጻ ነው፣ ቅዳሜም ነጻ ነው።

ከራሳችን ደግሞ ጄሲካ በሽር አለች። በሐረርና በዙሪያዋ የሠራችውን «ፋያ ዳዪ» በ2021 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ ከማሳየቷ በፊት አሥር ዓመት ያህል ስትመላለስ፣ ካሜራውን ራሷ ይዛ ስትቀርጽ ቆይታለች። በዕለት ኪራይ አሥር ዓመት መቅረጽ አይቻልም። ያ ፊልም ላይ የምታዩት የሰዎቹ መረጋጋት፣ ካሜራውን እንደ ቤተሰብ መልመዳቸው ከጊዜ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ወጣቱን የሚያሳስቱ ሦስት ወሬዎችን ማስተካከል አለብኝ። «ኤል ማሪያቺ በ7,000 ዶላር ተሠራ» ይባላል። ሮበርት ሮድሪጌዝ በተዋሰው የ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ሜክሲኮ ውስጥ በሁለት ሳምንት ቀርጾታል፤ ድምፁን ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ በካሴት ቴፕ እየቀዳ፣ ካሜራውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ እያስኬደ። ሆኖም በሲኒማ ቤት የታየው ቅጂ ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ለማሳደግና ድምፁን እንደገና ለመሥራት ከዚያ ወጪ ብዙ እጥፍ ካፈሰሰበት በኋላ ነው። «ታንጀሪን በስልክ ተሠራ» ይባላል። እውነት ነው፤ ሾን ቤከር በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ፊልም በአይፎን 5ኤስ ቀርጾታል። ግን በስልኩ ላይ ምስሉን የሚያሰፋ ልዩ ሌንስ ነበረበት፣ ኤክስፖዠሩንና ፎከሱን የሚቆልፍ መተግበሪያ ነበረው፣ ድምፁም በስልኩ አልተቀዳም፤ በጀቱ ወደ 100,000 ዶላር ገደማ ነበር። ሦስተኛው ወሬ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ክሪኤተር» በርካሽ ካሜራ ተሠራ የሚለው ነው። ጋሬዝ ኤድዋርድስ ዋናውን ክፍል የቀረጸው በሶኒ ኤፍኤክስ3 ሲሆን ካሜራው ያን ጊዜ 4,000 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። የፊልሙ በጀት ግን 80 ሚሊዮን ዶላር ነው። ገንዘቡ የሄደው ወደ ሰው፣ ወደ ጉዞና ወደ ምስል ቅንብር ነው። ትንሹ ካሜራ የረዳው ጥቂት ሰው ይዞ ብዙ አገር ለመዞርና በደካማ ብርሃን ለመቅረጽ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ፊልሞች የምንማረው ገንዘብ እንደማያስፈልግ ሳይሆን ከካሜራው የተረፈው ገንዘብ ወዴት እንደሄደ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ብርሃን ልግባ፤ ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው። በኢንተርኔት የምናያቸው የካሜራ ምክሮች አብዛኞቹ የተሠሩት ፀሐይዋ ዘንበል ብላ በምትወጣበት፣ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ደመና በሆነበት አገር ነው። አዲስ አበባ የምትገኘው በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን በላይ ቀጥ ትላለች። በታኅሣሥ እንኳ፣ ዝቅ አለች በምንልበት ወር፣ እኩለ ቀን ላይ ከአድማሱ 57 ዲግሪ ከፍ ብላ ትቆማለች። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጭ ያቆማችሁት ሰው ዓይኖቹ በቅንድቡ ጥላ ይዋጣሉ፤ አፍንጫው ከንፈሩ ላይ ጥላ ይጥላል።

በዚያ ላይ ልብሳችንን ጨምሩበት። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት፣ ከሥሩ ነጭ ነጠላ ወይም የሀበሻ ቀሚስ። በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ሁለት፣ ሦስት ስቶፕ (እያንዳንዱ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) ይሆናል። ካሜራው ኤክስፖዠሩን ራሱ እንዲወስን ከተውነው ነጩን አይቶ ይደነግጥና ምስሉን ያጨልመዋል፤ የሰውየው ፊት ይጠፋል። ፊቱን ብለን ከፍ ስናደርገው ደግሞ ጥለቱና የነጠላው እጥፋት ነዶ ባዶ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ለእኛ አገር ካሜራ ሲመረጥ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት በብሩህና በጨለማ መካከል ምን ያህል ስፋት ይይዛል የሚለው ነው። 6ኬ ነው 8ኬ ነው የሚለው ከዚያ በኋላ ይምጣ። የዲጂታል ሲኒማ 2ኬ የሚባለው ደረጃ ወርዱ 2048 ነጥብ ነው፤ የፉል ኤችዲ ወርድ 1920 ነው። ልዩነቱን በሲኒማ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያይ ተመልካች የለም። የነደደ ነጠላ ግን ማንም ያየዋል።

ይህን ስፋት ለመያዝ ሎግ የሚባለው አቀራረጽ አለ። ሎግ ግን ባለ 10 ቢት ካሜራ ይፈልጋል። ባለ 8 ቢቱ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲኖረው ባለ 10 ቢቱ 1024 አለው። በ8 ቢት የተቀረጸ ሎግ ቀለሙ ሲስተካከል ሰማዩ በንብርብር ይሰነጠቃል፣ ፊትም ነጠብጣብ ያወጣል። እንግዲህ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ስትወጡ መስፈርታችሁ ይህ ይሁን። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓናሶኒክ ጂኤች5 ባለ 10 ቢት 4ኬ በውስጡ ይቀርጻል፤ የቀረጻ ርዝመት ገደብም የለበትም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ብላክማጂክ ፖኬት ሲኒማ ካሜራ 4ኬ አዲስ ሲሸጥ 1,295 ዶላር ነበር፤ የቀለም ስፋቱ ከዋጋው በላይ ነው፤ ሆኖም በውስጡ የምትገባው ባትሪ አንድ ሰዓት እንኳ አትቆይለትም፣ ስለዚህ የውጭ ባትሪ ሳይታሰብ አይገዛ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ሶኒ ኤፍኤክስ30 ወደ 1,800 ዶላር ነበር፤ ከሦስቱ ዛሬ አዲስ ዕቃ መግዛት ለሚችል ሰው የምመርጠው እሱን ነው። የቀድሞዎቹን የካነን ካሜራዎች፣ እነ 5ዲ ማርክ 2ን፣ በፍቅር የማስባቸው ቢሆንም በ8 ቢት የሚቀርጹ በመሆናቸው ለፀሐይና ለነጠላ አልመክራቸውም፤ በደጅ ጥላና በቤት ውስጥ ለሚያልቅ ታሪክ ግን ዛሬም ያገለግላሉ።

ከካሜራው ጋር የግድ የሚገዛው ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንሰው ኤንዲ ፊልተር ነው። ሒሳቡን ተከተሉኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100 ላይ፣ ሻተሩ 1/50 ሲሆን ትክክለኛው መክፈቻ ኤፍ 22 ገደማ ነው። የፊቱን ጀርባ ለስለስ ለማድረግ ኤፍ 2.8 ከፈለጋችሁ ስድስት ስቶፕ፣ ማለትም 64 እጥፍ ብርሃን መቀነስ አለባችሁ። ሎጉ መነሻው አይኤስኦ 800 ከሆነ ሦስት ስቶፕ ይጨመራል። ይህን ፊልተር ያልገዛ ሰው ሻተሩን ወደ 1/2000 ያወጣዋል፤ እንቅስቃሴው ሁሉ ይቆራረጣል፣ የሚሮጠው ልጅ ይንቀጠቀጣል። ብዙ የውጭ ትዕይንቶቻችን የዜና ቀረጻ የሚመስሉት በዚህ ነው።

ሻተር ካነሳን አይቀር፣ የኤሌክትሪካችን ነገር አለ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 60 ነው። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ በዚያው አገር አቀማመጥ፣ በ30 ፍሬምና በ1/60 ሻተር እንደተዋቀረ ቢቀርጽ በፍሎረሰንትና በርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ሥር ምስሉ ይርገበገባል ወይም ጥቁር መስመር ይሄድበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50፣ ካልሆነም 1/100። በአዳዲሶቹ ካሜራዎች ከሜኑ ይቀየራል፤ አንዳንድ የቆዩ ካሜራዎች ግን በአንዱ አገር ሥርዓት ላይ ተቆልፈው የተሠሩ ናቸው። ዘመድ «ልላክልህ» ሲል ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ብርሃንን በተመለከተ ከገንዘብ ይልቅ ትዕግሥት ይበልጣል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያለው ብርሃን ማንም ባለሀብት ከሚከራየው ላይት ያምራል። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ለልምምድ፣ ለምሳ፣ ለቤት ውስጥ ቀረጻ አውሉት። እንዲህ ሲሠራ የ12 ቀን ቀረጻ 20 ቀን ይሆናል። ኪራይ ላይ ያለ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ካሜራው የራሱ የሆነ ሰው ይችላል። ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ጠንካራ፣ የቀለም ትክክለኛነት መለኪያው (ሲአርአይ) ከ95 በላይ የሆነ ኤልኢዲ ላይት ከሦስት ደካማ ላይቶች ይሻላል። ፊት ለፊቱ አቡጀዲድ በሁለት ዘንግ ወጥራችሁ ስቀሉ፤ ብርሃኑ እንደ መስኮት ብርሃን ይለሰልሳል። በሌላው ወገን ነጭ ፎም አቁሙ። በቃ። የክፍሉን የጣሪያ አምፖል ማጥፋት እንዳትረሱ።

ወደ ድምፅ ስገባ ከብርሃኑ ያላነሰ ነገር አለኝ። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ ያልተሰማ አማርኛ ግን አይታገሥም። ቋንቋችን የሚጠብቅና የሚላላ ፊደል ያለው ቋንቋ ነው፤ «አለ» ጠብቆና ላልቶ የተለያየ ትርጉም አለው። ማይኩ ሩቅ ሆኖ ይህ ልዩነት ከተዋጠ የተዋናዩ ንግግር ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ማይክ ከአፍ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ የአካባቢው ጫጫታ ግን አይወርድም። ስለዚህ ካሜራው አናት ላይ የተሰካ ውድ ማይክ ከፊት በአንድ ክንድ ርቀት ላይ በቀርከሃ ዘንግ ከተያዘ ርካሽ ማይክ ያንሳል። ማይኩን የሚይዝ አንድ ሰው መድቡ። ያ ሰው የቀረጻ ቡድናችሁ ሁለተኛ ሰው እንጂ ትርፍ እጅ አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ጸጥታ ማግኘት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የታክሲ ረዳት ይጠራል፣ ጎረቤት ግንባታ ላይ ብረት ይቆረጣል፣ መብራት ሲጠፋ የሱቁ ጄነሬተር ይነሳል፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ የድምፅ ማጉያ ይሰማል። በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አንድም ቃል መቅዳት አይቻልም። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ቦታውን አስቀድሞ ሄዶ መስማት ነው። ሎኬሽን ስታዩ በዓይን ብቻ አትዩ፤ በምትቀርጹበት ሰዓት ሄዳችሁ ሩብ ሰዓት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አድምጡ። የኮንዶሚኒየም ክፍል ግድግዳው ሲሚንቶ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል፤ ከካሜራው ዕይታ ውጭ ያለውን ግድግዳ በጋቢና በብርድ ልብስ ሸፍኑት። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ አንድ ደቂቃ ቅዱ፤ ኤዲተራችሁ ያመሰግናችኋል። ዕቃው ደግሞ ውድ አይደለም። እንደ ዙም ኤች1ኤን ያለ ትንሽ መቅጃ ሲወጣ ከ150 ዶላር በታች ነበር። አሁን ደግሞ በ32 ቢት ፍሎት የሚቀዱ ርካሽ መቅጃዎች መጥተዋል፤ ተዋናይ ድንገት ቢጮህም መቅጃው ድምፁን አይሰብረውም። ድምፅ ለብቻው የሚቆጣጠር ሰው ለሌለው ቡድን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስለ ሌንስ አጭር እናገራለሁ። ካሜራ በጥቂት ዓመታት ይረክሳል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ሦስት ካሜራ ያሳልፋል። ለጀማሪ አንድ ኤፍ 1.8 የሆነ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስና አንድ ሰፋ ያለ ይበቃሉ። የካነኑ ኢኤፍ 50 ሚሊ ሜትር ኤስቲኤም ሲወጣ 125 ዶላር ገደማ ነበር። የድሮ የሶቪየት ሌንሶችን፣ እንደ ሄሊዮስ 44 ያሉትን፣ በአዳፕተር መጠቀም ይቻላል፤ ፎከሳቸው በእጅ ብቻ መሆኑ ለፊልም ጉዳት የለውም። አንድ ነገር አስታውሱ፤ ጂኤች5ን በመሰለ ባለ አነስተኛ ሴንሰር ካሜራ ላይ ባለ 50ው ሌንስ እንደ 100 ሆኖ ያጠብባል፤ ጠባብ የጭቃ ቤት ውስጥ ለመቅረጽ ያሰበ ሰው ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ያስፈልገዋል። ጊምባል ከመግዛታችሁ በፊት ከባድ ትራይፖድ ግዙ። ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ ወደ አገር ስለማይገባ ለመጀመሪያው ፊልማችሁ እቅድ ውስጥ አታስገቡት።

ብዙዎች የሚረሱት ማስቀመጫውን ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። በቀን ሁለት ሰዓት ለ20 ቀን ብትቀርጹ 1.8 ቴራባይት ነው፤ ሁለት ቅጂ የግድ ስለሆነ 3.6 ቴራባይት። በ400 ሜጋቢት የምትቀርጹ ከሆነ ይህ ሁሉ በአራት ይባዛል፤ የካርዱም የፍጥነት ደረጃ ቪ60 መሆን አለበት፣ ቪ30 አይችለውም። ስለዚህ ለካሜራ ተብሎ ከተያዘው ገንዘብ የሃርድ ዲስኩን ዋጋ መጀመሪያ ቀንሱ። ገበያ ላይ የሐሰት ሚሞሪ ካርድ ብዙ ነው፤ 128 ጊጋ ተብሎ የተጻፈበት 16 ሆኖ ይገኛል፣ ሲሞላም ያልሞላ መስሎ የቀደመውን ይደመስሳል። ካርድ በገዛችሁ ቀን ኮምፒውተር ላይ እስከ መጨረሻው ሞልታችሁ መልሳችሁ አንብቡት። ሁለቱን ቅጂ ደግሞ በአንድ ቦርሳ አትያዙ፤ አንዱ ዲስክ ማታ ሌላ ሰው ቤት ይደር።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ አትቸኩሉ። ክዳኑን ገጥማችሁ አይኤስኦውን ከፍ አድርጋችሁ ቅረጹ፤ የተበላሹ ነጥቦች ካሉ በጨለማው ላይ እያበሩ ይታያሉ። ሌንሱን በስልክ መብራት አሳልፋችሁ እዩ፤ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ይታያል። የማይክና የኤችዲኤምአይ መሰኪያውን ነቅነቅ አድርጉት። ከዚያ በከፍተኛው ጥራት ግማሽ ሰዓት ሳታቋርጡ ቅረጹ፤ አንዳንድ ትናንሽ ካሜራዎች በ4ኬ ሲሠሩ ግለው ይጠፋሉ፤ በሠርግ አዳራሽ ያልታወቀ ጉድለት በአፋር ፀሐይ ይታወቃል። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ ትታችሁት ሂዱ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ባትሪ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ወደ ጭነት ሻንጣ እንደማይገባ ንገሩት፤ በእጅ ሻንጣ፣ እያንዳንዱ ከ100 ዋት ሰዓት ሳይበልጥ ይያዝ።

ምንም የሌለው ሰውስ? ስልክ አለው። ብላክማጂክ በነጻ የሚሰጠውን የካሜራ መተግበሪያ በአይፎንም ሆነ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች መጫን ይቻላል፤ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50፣ የተቆለፈ ፎከስ፣ የተቆለፈ የቀለም ሙቀት። ኤዲቲንጉንም በነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭ መጨረስ ይቻላል፤ 4ኬ ያወጣል። ስልክ ይዞ ጥሩ መቅጃና አንድ አቡጀዲድ ያለው ሰው፣ ትልቅ ካሜራ ይዞ ድምፅ ከሌለው ሰው የተሻለ ፊልም ይሠራል። ይህን ሳልጠራጠር እናገራለሁ።

ቀጣዩ ጉዳዬ የባለቤትነት ነው። ሁሉም ሰው ሁሉን ዕቃ መግዛት የለበትም። እኛ ዕቁብ የምናውቅ ሕዝብ ነን። አምስት ወጣቶች ተሰባስበው አንዱ ካሜራውን፣ አንዱ ድምፁን፣ አንዱ ላይቱን፣ ሌሎቹ ሌንሱንና ማስቀመጫውን እየተራቸው ቢገዙ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ አንድ ሙሉ የቀረጻ ቡድን ይቆማል። ውሉን ግን በጽሑፍ አድርጉት። ዕቃ ሲሰበር ማን ይጠግናል? አንዱ ወደ ውጭ ቢሄድ ድርሻው ምን ይሆናል? የኪራይ ገቢ ለማን ነው? ጓደኝነትን የሚያፈርሰው እነዚህ ሳይነገሩ መቅረታቸው ነው።

በዓመቱ ውስጥ አንድ ወቅት ደግሞ ለእኛ የተዘጋጀ ይመስለኛል። በከተማችን ያለው ጥሩ ካሜራና ላይት አብዛኛው የሚኖረው በሠርግ ቀረጻ ሥራ ነው። በጥር ያለ ዕረፍት ይሠራል። ዓቢይ ጾም ሲገባ ግን ለ55 ቀን የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፤ የብዙው ዕቃ ሥራ ይቀንሳል። ያ ጊዜ የበልግ ዝናብ ቢያጋጥምም ሰማዩ ብዙ ቀን የጠራ ነው፣ የክረምቱ ዝናብም ገና ነው። የሠርግ ቀራጮች ጠላት አይደሉም፤ ብዙዎቹ ፊልም የመሥራት ምኞታቸውን ሳይተው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ናቸው። ሄዳችሁ አነጋግሯቸው፤ ዕቃቸውን በኪራይ ብቻ አትጠይቁ፣ ራሳቸውንም ሲኒማቶግራፈር አድርጋችሁ ወደ ፊልሙ አምጧቸው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ዛሬ ከመለያየታችን በፊት ከማታውቁት ሰው ጋር ተዋወቁ፤ ስክሪፕት ያለው ማይክ ያለውን፣ ማይክ ያለው ካሜራ ያለውን ይፈልግ። ስልካችሁን ተለዋወጡ፣ የምትገናኙበትን ቅዳሜ ቁረጡ፣ በዚያም ቀን የእያንዳንዳችሁን ዕቃና ነጻ ቀን በወረቀት ጻፉ። ዕቃው ካልሞላ ቀረጻውን አታዘግዩ፤ በአንድ ክፍል፣ በሁለት ተዋናይ፣ በጠዋት ብርሃን የሚያልቅ አሥር ደቂቃ ጻፉና ጀምሩ።